ቀይ ክር በቢሻው አንገት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። መደቡ ለሁላችሁም ይበቃል፤ ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት እለፉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። የምነግራችሁ መተማ ላይ የሆነ ነገር ነው። ዘመኑ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት፤ ሰሊጥ ደርሶ ገበሬው ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ሰሞን።

ነገሩን የመረመረው ሃምሳ አለቃ ዋሴ የሚባል ፖሊስ ነበር። ከዳባት ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። የቆላው ሙቀት አልተስማማውም፤ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ራሱን ያራግብበታል፣ መልሶ ያደርገዋል፣ ደግሞ ያወልቀዋል። ሰው ሲጠይቅ ግን አይቸኩልም።

እሑድ ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ረፋዱ ላይ ተጠራ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባለቤቱ ወደ ሱዳን ተሻግሮ መንግሥት የወረሰው አንድ የሰሊጥ እርሻ አለ። እዚያ በቀን ሠራተኞች ዳስ ውስጥ ሰው ሞቶ ተገኝቷል። ዋሴ ሲደርስ ሬሳው በነጭ ጋቢ ተሸፍኗል።

“ማነው የሸፈነው?”

“እኔ ነኝ ጌታዬ። ዝንቡ አላስቀምጥ አለው” አለ የእርሻው ካቦ። ፈንቴ ይባላል፤ ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ እጁ በማጭድ የሻከረ ጎልማሳ። ጋቢው የራሱ ነው።

“ሟቹን ታውቀዋለህ?”

“ቢሻው ይባላል። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ነው። ሲያጭድ የሚቀድመው አልነበረም፤ ሰሞኑን ትኩሳት ጣለው እንጂ።”

ዋሴ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። የሟቹ ፊትና ከንፈር አባብጧል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ ማተቡ ላይ አንዲት ቀይ ክር ተቋጥራለች። አገላብጠው ሲያዩት ግራ መቀመጫው ላይ፣ ዝቅና ወደ መሐል ጠጋ ብሎ፣ ደም የደረቀበት የመርፌ ቀዳዳ ታየ። ከመኝታው ሥር ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ተገኘ፤ ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ዋሴ ሳሩን ሁሉ ቢያገላብጥ መርፌው የለም።

“ብልቃጡ እዚህ ነው፣ መርፌው የለም” አለ። “መርፌ እግር የለውም። ይዞት የሄደ ሰው አለ።”

ፈንቴ ጋቢውን መልሶ አለበሰው።

ከቢሻው ጎን ይተኛ የነበረው ሷሊህ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያጠበው ልብስ ትከሻው ላይ ገና ይንጠባጠባል።

“ወላሂ እኔ ወንዝ ነበርኩ” አለ። “እሑድ አይደል? ክርስቲያኑ ቤተክርስቲያን ሄደ፣ የቀረው ገበያ ሄደ። እኔ ልብሴን ልጠብ ብዬ ጓንግ ወረድኩ። ስመለስ ወንድሜ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።”

“መርፌ ሊወጋ እንደሆነ ነግሮህ ነበር?”

“ሌላ ወሬ አልነበረውም እንጂ! የክሊኒኳ ልጅ ትወጋኛለች፣ ሰኞ ማጭድ እይዛለሁ ሲል ነው የከረመው። ‘ኧረ አንተ ጎጃሜ፣ ክኒኑን ዋጥና ተኛ’ ብለው፣ ‘ክኒን ለሕፃን ነው’ አለኝ። እሱ መቼ ይሰማል!”

የክሊኒኳ ልጅ ሲባል ዋሴ ኮፍያውን አወለቀ። ልጅቱን በዓይን አያውቃትም፤ ስሟን ግን ያውቀዋል። አይናዲስ። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ካደረ ሳምንቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጋ ላይ ሚሲዮኖች የሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ነበር፤ ረዳት ነርሶችን ያሠለጥናል። የግል ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ለመግባት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ በክሊኒክ ቁስል ከሚያክም ድሬሰር ሥር ስድስት ወር የሠራችበት ደብዳቤ፣ ከፖሊስ ደግሞ የመልካም ጠባይ ማስረጃ። ለኅዳር አንድ በአካል ያልተገኘች ልጅ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። አይናዲስ ሁለቱን አሟልታለች። የቀራት የዋሴ ፊርማ ብቻ ነው። ደጋ የሚወጣው የጭነት መኪና ደግሞ ሐሙስ ይነሣል።

ክሊኒኩ ውስጥ አገኛት። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አስራ፣ የሚፈላ ውሃ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆማለች።

“ቢሻው ሞቷል” አላት።

“ሰማሁ።”

“ማን ወጋው?”

“እኔ ነኝ።”

“መቼ?”

“ዛሬ ጠዋት።”

“ማን አየሽ?”

“ማንም።”

“መርፌውስ?”

“ቤት ነው። ቆርቆሮ ውስጥ።”

ዋሴ አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሲጠይቅ ኖሯል። የሚዋሽም እውነት የሚናገርም ከመመለሱ በፊት ትንሽ ያስባል። ይቺ ልጅ ግን ገና ሳይጨርስ ትመልሳለች፤ አስቀድማ በቃሏ እንደ ያዘችው።

“የጠባይ ማስረጃሽ እኔ ዘንድ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?”

“አውቃለሁ።” ድምፅዋ እዚህ ላይ ብቻ ተሰበረ። “ቅደዱት።”

ጣቢያ ወሰዳት። እስር ቤት አላስገባትም፤ ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት። እንዲሁ ለወግ ያህል ጠየቃት።

“ጎንደር የመንግሥቱ አለ አይደል? የግል ሁሉ እየተወረሰ ነው ይባላል። ለምን ይኼን መረጥሽ?”

“የመንግሥቱ አሥረኛ ጨርሳችሁ ኑ አለን። እዚህ ከስምንት በላይ የለም። የሚሲዮኑ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በሽተኛ ያሳጥባሉ አሉ። እኔ በእጄ ሳልይዘው አይገባኝም።”

“ቢወረስስ?”

“እጄን አይወርሱት” አለች። ወዲያው የት እንዳለች ትዝ ሲላት አቀረቀረች።

ዋሴ በልቡ ወደዳት። መውደዱም አስጨነቀው። ምክንያቱም አመነች፤ ያመነን ሰው ፖሊስ አይለቅም።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣ። ከገላባት በኩል መድኃኒት እያመጣ የሚሸጥ ኢሳ የሚባል ነጋዴ አለ። ሳሙና፣ ሽቶ፣ የባትሪ ድንጋይ ደርድሮ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱ ከሥር ነው።

“ያ ሃምሳ አለቃ! አንቱ ስትመጡ ገበያው ሁሉ ጻድቅ ይሆናል” አለ ኢሳ።

“አንተ ግን አልሆንክም። ይኼን ብልቃጥ ታውቀዋለህ?”

ኢሳ ብልቃጡን አየ፣ ዋሴን አየ፤ ሳቁ ጠፋ። “ፔኒሲሊን ነው። የኔ ነው። ትናንት ሸጥኩት።”

“ለማን? ለክሊኒኳ ልጅ?”

“ላ፣ ላ! ለሟቹ ለራሱ። እየተንቀጠቀጠ መጣ። ‘ልጅቱ መርፌውን ከለከለችኝ፣ አንተ ግን ሙስሊም ወንድሜ ነህ’ አለኝ። አንገቱ ላይ ማተብ እያየሁ! ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ አለቀሰ። ሲያለቅስ ምን ላድርግ?”

“አልሸጥም ማለት ነዋ።”

“እሷ አላለችም?” አለ ኢሳ፣ እጁን ዘርግቶ። “ምን ጠቀመ?”

ዋሴ ብልቃጡን ኪሱ ከቶ ተነሣ። መንገድ ላይ አሰበው። ቅዳሜ የከለከለች ልጅ እሑድ ዳስ ድረስ ሄዳ ለምን ትወጋዋለች? አዘነችለት ይሆን? ሰው ሊያዝን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጥፋቷ የባሰ ነው።

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ገብረማርያም ሽማግሌ ናቸው፤ ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ቁስል ያጥባሉ ይባላል። ሬሳውን እሳቸው ናቸው የተረከቡት። ዋሴ ሲገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያቺን ቀይ ክር በጣታቸው ያሻሉ።

“ይኼን ክር አይተኸዋል ልጄ?”

“አየሁት። ለቡዳ መስሎኝ ተውኩት።”

“የቡዳ አይደለም። የኛ ነው።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ። አንዴ ሲወጋ ያብጣል፣ ሁለተኛ ሲወጋ ይሞታል። ለሠራተኛው ካርድ ብንጽፍለት አያነበውም፣ ትንባሆ ይጠቀልልበታል። ማተቡን ግን አይጥልም። ስለዚህ ለክርስቲያኑ ማተቡ ላይ፣ ለእስላሙ ክታቡ ላይ ቀይ ክር እንቋጥራለን። ይኼን ሰው አትውጉ ማለት ነው። ይኼ ሰው ባለፈው ዓመት ተወግቼ አብጬ ነበር ብሎ ሲነግራት፣ ቅዳሜ አይናዲስ በእጇ ቋጠረችለት።”

“ሐሳቡ የማነው?”

“የሷ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ካስተማርኳት ይልቅ ያስተማረችኝ ይበልጣል።”

“የክሩን ትርጉም ማን ማን ያውቃል?”

“እኔና እሷ” አሉ ሽማግሌው። “ለእርሻው ሰው ሁሉ ልንነግር ይገባን ነበር። ነገ ነገ ስንል ሰሊጡ ደረሰ።”

ዋሴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። በዚህ ቆላ ቢሻውን ሊወጋው የማይችል አንድ ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው አይናዲስ ናት። እሷ ግን እኔ ነኝ ትላለች።

“መርፌ የሚወጋበትን ቦታ ያሳዩኝ።”

አቶ ገብረማርያም ተነሥተው የራሳቸውን መቀመጫ በጣታቸው አመለከቱ፤ ከላይ፣ ወደ ውጭ። “እዚህ። ዝቅ ብለህ ወደ መሐል ከወጋህ ጅማት ታገኛለህ። እሷ ይኼን ብትስት ኖሮ የመጀመሪያው ወር ላይ አባርራት ነበር። አሮጌ መርፌ ሰጥቻት ቤቷ በሎሚ ስትለማመድ ነው የከረመችው። የመተማን ሎሚ ጨረሰችው እያሉ እናቷ ይከሱኝ ነበር።”

ዋሴ ጣቢያ ተመለሰና ልጅቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

“የት ላይ ነው የወጋሽው? አሳዪኝ።”

ከላይ፣ ወደ ውጭ አሳየችው። እጇ አላመነታም።

“ቢሻው የተወጋው እዚያ አይደለም” አላት።

ፊቷ ነጣ።

እናቷ ወይዘሮ አሰበች የጣቢያው በር ላይ ከቀትር ጀምሮ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበስ አዘቅዝቀው።

“አንቱ ጌታ፣ ልጄ ጠዋት ከኔ ጋር ስታስቀድስ ነው የዋለችው። እናቷ ስለሆንኩ አያምኑኝም።”

“አምናለሁ እናቴ። ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለች?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ቆርቆሮዋን ከፈተች፣ መርፌዋን አየች፣ እዚያው ቁጭ አለች። ምነው ብላት፣ ‘ሳይቀቀል ነው የተመለሰው’ አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ የሰው መሞት ተወራ።”

“ቤት ውስጥ ከናንተ ሌላ ማን አለ?”

ወይዘሮ አሰበች አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። እናት ናቸው፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ከዋሴ ቀድመው ገባቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

“ማንም” አሉ። ቆይተው፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ወንድሜ ብቻ። በአጨዳ ጊዜ እርሻ ነው የሚያድረው፤ ቅዳሜ ማታ ግን ልብሱን ሊቀይር ይመጣል። አባቷ በቆላ በሽታ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው። ሂጂ ተማሪ ያላትም እሱ ነው።”

“ስሙ ማነው?”

“ፈንቴ” አሉ። “ካቦው።”

ሰኞ ጠዋት ዋሴ ብቻውን ወደ እርሻው ሄደ። ሰሊጡ ዳር እስከ ዳር ቆሟል፤ ገሚሱ ታጭዶ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ ይደርቃል። ሰሊጥ መታገሥ አያውቅም። ሁለት ሦስት ቀን ከዘገዩበት ቆቡ ይከፈትና ፍሬው መሬት ይፈስሳል። ፈንቴ አጫጆቹን አሰማርቶ ከኋላ ከኋላቸው ይሄዳል።

ማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም እንጨት ተተክሏል፤ አንዳንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ አንዳንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

“ይኼ ጨርቅ ምንድን ነው ፈንቴ?”

“ምልክት ነው ጌታዬ። ሠራተኛው አዲስ ነው፣ የደረሰውን ካልደረሰው አይለይም። ነጭ ያለበት ይቆይ ነው።”

“ቀይ ያለበትስ?”

“ቀይማ ደርሷል፣ ግባበት ነው።”

ዋሴ ቆመ። ሙቀቱን ረሳው።

“የቢሻው አንገት ላይ ቀይ ክር ነበረ” አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። “ምን መሰለህ ስታየው?”

ፈንቴ መለሰ። ከመመለሱ በፊት አላሰበም፤ ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሲጠይቁት አያስብም።

“የልጅቱን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ፈትና ያሳለፈችው፣ ለመርፌ የደረሰ ነው ብዬ…”

እዚያ ላይ አቋረጠ። አጫጆቹ ሃምሳ ክንድ ርቀው ይዘፍናሉ።

“ከለከለችው እኮ” አለ ዋሴ።

“ቢሻው ለኔ እንዲያ አላለኝም። ‘ጊዜ አጥታ ነው፣ አንተ የቤቷ ሰው ነህ፣ ስትወጋ አይተሃል’ አለኝ። ብልቃጡን እጄ ላይ አኖረው። ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ልሄድ ስል እግሬን ይዞ አለቀሰ፤ መርፌውን ከቆርቆሮዋ ወሰድኩ። እኔም ስትወጋ አይቻለሁ። ሎሚውን ስትወጋ ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ! ሰኞ ተነሥቶ ያጭዳል፣ እኔም አንድ ሰው አዳንኩ እላለሁ ብዬ…” ትከሻው ወረደ። “ጨርሼ ሳወጣው አንዴ ‘ጋሼ’ አለኝ። ከዚያ ትንፋሹ ተያዘ። ውሃ አፈሰስኩበት፣ አንገቱን ፈታሁለት። ምንም አልረዳውም። መርፌውን ይዤ ቤት ሮጥኩ፣ ከቤተክርስቲያን ሳይመለሱ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩት።”

“ለምን አልተናገርክም?”

“ፈራሁ።”

“አይናዲስ ‘እኔ ነኝ የወጋሁት’ ብላ ተይዛለች። ከትናንት ጀምሮ።”

ፈንቴ ይኼን አልሰማም ነበር። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አልጣለውም፣ ሰው እንዳይረግጠው ስለቱን ወደ ታች አድርጎ አስቀመጠው። ሁለት እጁንም ለዋሴ ዘረጋ።

“እሷን ልቀቋት” አለ። “ቶሎ እንሂድ። መኪናው ሐሙስ ነው።”

የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ውባንተ የአይናዲስን ወረቀት አንብቦ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

“ፖሊስ ፊት የዋሸች ልጅ መልካም ጠባይ አላት ብለህ ልትፈርም ነው?”

“ልፈርም ነው ጌታዬ። መዋሸቷንም እጽፋለሁ።”

“አንተ ሰው ጤና የለህም! እሱን ከጻፍክ ማን ይቀበላታል? ወይ ዝም ብለህ ፈርም፣ ወይ ተወው።”

“ዝም ብዬ ከፈረምኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

መቶ አለቃው ማኅተሙን ወደሱ ገፋው። “የራስህ ጉዳይ” አለ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይንገጫገጫል። አይናዲስ ግን ያለ ሻንጣ ነው የመጣችው።

“አልሄድም” አለች። “መርፌው የኔ ነው። ቆልፌ ባስቀምጠው ኖሮ ሰውየው በሕይወት ይኖር ነበር። ክሩንም አጎቴ እያየኝ ስቋጥር ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። የሰው ነፍስ አጥፍቼ ነርስ ልባል?”

“ልትቀሪ ትችያለሽ” አላት ዋሴ። “መጀመሪያ ግን የጻፍኩትን ስሚ። ሰምተሽ ካልፈለግሽው እቀደዋለሁ።” ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በሞተሩ ጩኸት መሐል ጮክ ብሎ አነበበላት።

“‘ይህች ልጅ አንድ ቀን ለፖሊስ ዋሽታለች። የዋሸችው ያሳደጋትን ሰው ለማዳን ነው፤ ልክ አልሠራችም። ከዚያ አንድ ቀን በፊት ግን አንድ በሽተኛ መርፌ ውጊኝ ብሎ ሲለምናት እምቢ ብላዋለች። እምቢ ያለችው ልክ ነበረች፤ ሌሎቻችን ሁላችን ግን ልክ አልነበርንም። እኔ ልጄ ቢታመም ለእሷ እሰጣታለሁ። ሃምሳ አለቃ ዋሴ።’”

አይናዲስ ብዙ ቆመች። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ነፋ። እናቷ ከነጠላቸው ሥር ሻንጣዋን አወጡ፤ ለካስ ይዘውት መጥተዋል። ወረቀቱን ከዋሴ እጅ ተቀበለችና ሳታጥፈው ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መኪናው ላይ ወጣች። ደህና ሁኑ እንኳ አላለችም።

ጥር ላይ ለዋሴ ደብዳቤ መጣ። ፈንቴ ገና በእስር ቤት ፍርዱን ይጠብቃል፤ ማንበብ ስለማይችል ዋሴ ራሱ ይዞለት ሄደ። ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ዋሴም አነበበ።

“‘ደብዳቤዎን ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በሽተኛው ሲለምንሽ አለቀሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አንቺስ አለችኝ። እሱ ከሄደ በኋላ አልኳት። አልጋሽ በዚያ በኩል ነው አለችኝ። እስካሁን መርፌ አልያዝኩም፣ እነሱም አላስገደዱኝም። በሽተኛ አጥባለሁ። ለአጎቴ፣ አልረሳሁህም በሉልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አትበሉት፤ ይቅር የምትለው የቢሻው እናት ናት፣ እኔ አይደለሁም።’”

ፈንቴ ራሱን በጉልበቱ መሐል ቀብሮ ሰማ። ሲያልቅ ቀና አለ።

“አንዴ ድገሙልኝ” አለ። “አልጋሽ በዚያ በኩል ነው ካለቻት ላይ።”

ዋሴ ደገመለት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መሽቶባችኋል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የታመመ ሰው እያለቀሰ ሲለምናችሁ፣ የማታውቁትን አውቃለሁ ልትሉት ልባችሁ ሲዳዳ፣ ያን ጊዜ ቢሻውን አስታውሱልኝ። እምቢ ያለችውንም ልጅ አስታውሱልኝ፤ እሷም አልቅሳለች።